የደግፌ ኢሜይል ጅራት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ መብረቅ ይምታኝ!

ደግፌ ኢሜይል በላከ ቁጥር የድሮ መልእክት ሁሉ ከሥሩ ይግተለተላል። «ሰላም» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ጅራቱ አዳማ ይደርሳል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ «ጋሼ፣ ወረቀት ቢሆን እኮ በአይሱዙ ነበር የሚጫነው!» እያለ ይስቅበታል። እሱ ግን አዲስ መልእክት ከፍቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በዚያው በአሮጌው ላይ ነው መልስ የሚጽፈው።

አንድ ቀን አዲሱ አለቃ ጠረጴዛው ድረስ መጣ።

«ጋሽ ደግፌ፣ መልስ ሲጽፉ የድሮውን ይቁረጡ ብያለሁ። ደንብ ነው!»

«ልጄ፣ ከፈለግህ ደሞዜን ቁረጥ፤ እሱን ተወው።»

«እንግዲያው እኔው እቆርጠዋለሁ» ብሎ ማውሱን ነጠቀውና ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደ። ከሁሉም ሥር የመጀመሪያዋ መልእክት ነበረች፦ «ደግፌዬ፣ ምሳ ይዣለሁ። ሳትበላ ጠብቀኝ። ብርቄ።»

ብርቄ ሚስቱ ናት፤ እዚያው ሂሳብ ክፍል ትሠራ ነበር። ይህን በጻፈችበት ቀን ከሦስተኛ ፎቅ የወረደችው በቃሬዛ ነው፤ በሕይወት አልተመለሰችም።

አለቃው ማውሱን ለቀቀ። «ይቆይ፣ ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሺ፣ አለቃው «ይቆይ» አለ ያልኳትን ከራሴ ጨምሬያለሁ። አለቃው እስከ ታች አላነበበም፤ ቆርጦት ሄደ።