ሁለት ታፔላ፣ አንድ ፊት

«የእጄን ሥራማ ዓይኔን ታስሬ እንኳ በዳበሳ አወጣዋለሁ።»

ይህን ያለችው ጠዋት ነው፤ ሻይዋን ፉት እያለች፣ አገር ምድሩ እየሰማ። አሁን በአክስቷ የታፔላ መሳያ ቤት መሃል ቆማለች።

ከፊቷ ሁለት የፀጉር ቤት ታፔላዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል። በሁለቱም ላይ ያው ባለሪዙ ሰውዬ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ጎን ያያል። አንዱን የሳለችው እሷ ናት። ሌላውን የሳለው ባለአንድ እጁ ነው፤ አክስቷ ባለፈው ወር ያስገባችው፣ ብሩሽ የሚይዝ የብረት ክንድ። ሥራውን የተማረው ደግሞ ከማንም አይደለም፣ ከእሷው አሮጌ ታፔላዎች። ያኔማ «ተማሪ አገኘሁ» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ነበር።

የአክስቷ ቃል አጭር ነው። የራሷን ከለየች በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ትስላለች። ካልለየች ከነገ ጀምሮ መሳሉ የማሽኑ፣ የማሽኑን ብሩሽ ማጠቡ የእሷ።

ጎንበስ ብላ አየች። ቀለሙ ያው። ሪዙም ያው፤ ብሩሹን ስታነሳ ጫፉ ላይ የምትቀረው ጅራት የመሰለች ጭረት እንኳ አለች። ያቺን ጭረት ያስተማራት ሰው የለም፤ ከየት እንዳመጣቻትም አታውቅ። እሷነቷ በአንድ ወር ተቀድቶ የሚያልቅ ከሆነ፣ እዚህ የቆመችው ማን ናት?

በላብ የራሰ መዳፏን በሽርጧ ጠረገች። ስንትና ስንት ጊዜ የሳለችውን ፊት እንደ ባዳ ፈራችው።

ድንገት ዓይኗ ጆሮው ላይ አረፈ። በግራ ያለው ሰውዬ ጆሮው ወደ አገጩ ወርዷል። እፎይ። አክስቷ «ሰውየው የሚሰማው በአገጩ ነው እንዴ?» እያለች ስትነዘንዛት የኖረችበት ጥፋት ነው። ብረት ደግሞ እንዲህ አይሳሳትም።

«ይሄኛው ነው የእኔ» አለች፤ የግራውን በጣቷ እየጠቆመች።

አክስቷ ታፔላውን ገለበጠችው። ከጀርባው የማሽኑ ቁጥር ተለጥፏል።

«ያንቺ ሰውዬ ጆሮው ወደ ቦታው ከተመለሰ ሦስት ሳምንቱ» አለቻት። «ሳታዪው ነው እንዴ የምትስዪው?»