ወለተ ኪዳን

አያቷ ዝናብ ቢዘንብ፣ ጉልበቷ ቢያማት ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ነበረች። ከተቀበረች በኋላ የልጅ ልጇ መምሬ ጥበቡ ዘንድ ሄደች።

«እማዬ ከቤሩት ሳትመጣ ተዝካሩ አይወጣም» አለች፣ ድርቅ ብላ።

«ዘመድ ሁሉ ለአርባው ይሁን እያለ?»

«ይበል! አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ነው እንጂ መርዶውን ብትሰማ በርራ ትመጣለች። በየፋሲካው በእማማ በኩል ጫማ የምትልክልኝ ሰው እናቷን ትረሳለች?»

«ይሁን ልጄ፤ እስከዚያው ከወለተ ኪዳን ጋር በጸሎት አነሳቸዋለሁ።»

«ወለተ ኪዳን ደግሞ ማናት?»

«ልጃቸው ናታ፤ ሰው አገር የሞተችባቸው። በየዓመቱ ፍትሐት ያስደርሱላት ነበር።»

አያቷ ከእናቷ ሌላ ልጅ አልወለደችም። ልጅቷ አቀርቅራ እግሯ ላይ ያለውን አዲስ ጫማ ታየው ጀመር።