ሸርጣን ሴት

«ሸርጣንን አንብቢልን!» አለች ካስክ ሥር የተቀመጠችው መምህርት፤ ጆሮዋ በማድረቂያው ጩኸት ስለተደፈነ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው።

ፀጉር ሠሪዋ የፋርማሲስቷን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ሳቀች። የሳምንቱን ኮከብ ለመጽሔቱ የምትጽፈው ታናሽ እህቷ ናት። ይህን የማያውቅ ደንበኛ የላትም፤ ራሷ ለሁሉም ነግራ ጨርሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ጽሑፍ ሰው መፈረጅ የቤቱ ጨዋታ ሆኗል። ሐመሏ ሳትቀጠር መጥታ «እኔን አስቀድሚኝ» ትላለች። ሚዛኗ የቀለም ናሙና ታቅፋ ግማሽ ቀን ትውላለች። ሑቷን መታጠቢያው ላይ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል። አሰዷማ ተሠርታ ካለቀች በኋላም ከመስታወቱ ፊት የሚያስነሳት የለም።

ፋርማሲስቷ ስልኳን ወደ ዐይኗ አስጠግታ አነበበች። «ሸርጣን ሴት የያዘችውን አትለቅም። ባሏ ትቷት ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን እሁድ እሁድ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ አዲሱ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ትቀመጣለች። ምን ልታደርግ? ሽቦ ላይ የተሰጣውን ልብስ ልታይ! የሕፃን ልብስ ከሌለ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ወዳጄ፣ ሸርጣን ከሆንሽ ለዚህ ሳምንት እንኳ ቤትሽ ዋይ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ልብስ ልታይ!» መምህርቷ እንባዋን ጠረገች። «ሥራ የፈታች!»

የፀጉር ሠሪዋ እጅ ቢጎዲኑ ላይ ቀረ። ከባሏ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራ ለእሷ ያልመጣላት ልጅ ለሌላዪቱ ይመጣ እንደሆነ እያለች በየሳምንቱ እዚያ መቀመጧን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ታናሿ ያን ዕለት አንገቷን አቅፋ አብራት አልቅሳለች። «ከእኔ ወዲያ ማንም አይሰማውም» ብላታለች።

«አጠበቅሽብኝ» አለች ፋርማሲስቷ።

«ይቅርታ፣ የኔ እመቤት።»

«አንቺ ግን ኮከብሽ ምንድን ነው?» ብላ መምህርቷ ጮኸች።

«ቀውስ» ስትል ዋሸች።

«ታስታውቂያለሽ!»

ሁሉም እንደገና ሳቀ። ፋርማሲስቷ ብቻ በመስታወቱ ውስጥ የፀጉር ሠሪዋን ፊት አየችና ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ደንበኞቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ ታናሿ እየተፍለቀለቀች ገባች።

«እታለም፣ አየሽው? እንደዚህ ሳምንት ተነቦልኝ አያውቅም! አዘጋጁ ራሱ ነው የደወለልኝ።»

«እኔን ነው የጻፍሽው።»

«ስምሽን መች ጠራሁ? ሸርጣን የሆነች ስንት ሺህ ሴት አለች!»

«ሁለት አውቶቡስ የምትቀይረዋስ ስንት ናት?»

ታናሿ ጉንጯን ሳመቻትና ወንበሩ ላይ ተዘርግታ ራሷን ወደ መታጠቢያው ጣለች። «አንቺ ደግሞ ቶሎ ሆድ ይብስሻል። ይሄም እኮ የሸርጣን ጠባይ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ውሃውን ከፈተች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ይህን ጭንቅላት ያጠበችው እሷ ናት፤ ከጆሮዋ ኋላ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ጣቷ ሳታይ ያውቃታል። እጆቿ አረፋው ውስጥ በልማዳቸው ሄዱ።

«ባለፈው እሁድስ ሄድሽ?» አለቻት ታናሿ፤ ዐይኗን ጨፍና፣ ሁልጊዜ ሆዷን በሚያስዘረግፋት በዚያ ለስላሳ ድምፅ። «የሕፃን ልብስ ነበረ?»

ነበረ። መዳፍ የምታህል ቢጫ ሹራብ፣ በሁለት መቆንጠጫ ተይዛ ንፋሱ ያወዛውዛት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ለብቻዋ ተሸክማ የከረመችው፣ ቅዳሜ ደርሶ ለእህቷ እስክትነግራት ነበር።

አፏን ከፈተች። ታናሿ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች። ፀጉር ሠሪዋ የውሃውን ሙቀት በእጇ ጀርባ ለካች፤ ከዚያም ለማታውቃት ደንበኛ በምትናገርበት ትሁት ድምፅ፣

«ውሃው ይስማማዎታል?» አለቻት።