እርጥብ ጆንያ

የእንጨት ቀራጩ ኡስታ ኸዚር ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ ወዲህ የቤቱ ሥራ በታናሽ ወንድማቸው በላሳ ትከሻ ላይ ወደቀ። ኡስታ ምድር ቤት ተኝተው በመስኮት የጄሉምን ወንዝ ያያሉ። ላሳ ቆጥ ላይ የሰፈሩን ቅዱስ፣ የወልዩን መቃብር በር ይቀርጻል።

በሩ ሁለት መዝጊያ አለው። ከዋልነት ጣውላ የሚሠራ፣ ጽጌረዳና የቺናር ዛፍ ቅጠል የሚፈለፈልበት ነው። አሮጌው በእሳት ከጠፋ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ይህንን ይጠብቃል። የወልዩ በር ከተሰነጠቀ የቀረጸው ቤት ዳግመኛ ሥራ አያገኝም። ከኡስታ ኸዚር ቤት ደግሞ በአምስት ትውልድ የተሰነጠቀ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝታ የዳነችው የኡስታ ሚስት ዙኒ የቀራጭ ልጅ ናት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እሳትም ነፋስም ሳያገኘው ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት፣ አምስት ዓመት የከረመ ግን ጠብታ ውሃ እንደማይወድ ከልጅነቷ ስትሰማ ኖራለች። የኡስታ ቤት የሚቀርጸው በከረመ እንጨት ነው።

በኅዳር ጎረቤቷ ራህቲ አንድ ነገር ነገረቻት። ላሳ በየቀኑ ቀትር ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ወደ ቆጥ ያወጣል።

«እንጨት የሚያጠጣ ቀራጭ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ራህቲ። «ሊያበቅለው ነው እንዴ?»

ዙኒ ሳቀች። ሳቋ ግን እስከ ደጃፏ አልዘለቀም።

በማግስቱ ላሳ ለሶላት ሲወጣ ጠብቃ ወደ ቆጥ ወጣች። መዝጊያዎቹ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለዋል። ገለጥ አድርጋ አየች። በጽጌረዳው ቅጠሎች መሀል ነጭ ሻጋታ ተኝቷል። የጣውላው ጫፍ ሁሉ በሰም ተደፍኗል፤ የሚደበቅ ነገር ያለበት ይመስላል። አንዱን መዝጊያ ልታነሳው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ሌላ ቀራጭ ላሳን ሁለት ጊዜ እንዳስጠራው፣ ደህና ቦታም እንደሚሰጠው የነገረቻት ያችው ራህቲ ናት። ይህ በር ቢበላሽ የሚጎዳው ማን እንደሆነ፣ የሚጠቀመውስ ማን እንደሆነ ዙኒ አሰላሰለች።

ፊት ለፊት ጠየቀችው። ላሳ መሮውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ በእኔ ይሁንብሽ፣ እስከ ጸደይ አትንኪው። የቀረውን ወንድሜን ጠይቂው።»

አልጠየቀችም። ሐኪሙ ኡስታን የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይነገራቸው አስጠንቅቋል። ንጹሕ ሰው በበሽተኛ ጀርባ አይሸሸግም ብላም አሰበች።

ሦስት ሽማግሌዎች ጠራች። በሽተኛው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው ደረጃውን ወጡ። አንዱ ሻጋታውን በጣቱ ነክቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ለምን ታረጥበዋለህ አሉት። ወንድምህ ምን በድለውህ ነው አሉት። ላሳ ጆንያውን መልሶ ሸፈነው። ቁልፉን ተቀበሉት።

መሮዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲወጣ ደፍ ላይ ቆም አለ።

«ቆጥ ላይ እሳት እንዳይገባ» አላት።

ዙኒ ቃሉን ለዛቻ ወሰደችው። ሰፈሩ በሙሉ የእንጨት ቤት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የግቢውን በር በቀንም ትቀረቅር ጀመር።

ጆንያዎቹን ገፍፋ ወንዝ ውስጥ ጣለቻቸው። ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገች፤ መስኮቶቹን ለነፋሱ ከፈተች፤ በመጨረሻ ምድጃ አስወጥታ ከሰል አቀጣጠለች። ዛቻውን አልፈራሁም ለማለት ጭምር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አልጠፋም። ሻጋታው ድራሹ ጠፋ። እንጨቱ ነጣ አለ፤ መዝጊያውንም አሁን ከጫፉ ብድግ ማድረግ ቻለች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ለኡስታ ጨው ያለበት ሻይ ወሰደችላቸው። ላሳ የት እንደጠፋ ጠየቋት። ዙኒ ከእንግዲህ መደበቅ አላስፈለጋትም፤ ጆንያውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ምድጃውን ሁሉንም ነገረቻቸው። በሩን አዳንኩልዎት አለቻቸው።

ሻዩ ኡስታ እጅ ላይ ቆመ። ከላይ ከቆጡ አንድ ነገር ጧ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ።

«የከረመውን ጣውላ አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ለሕክምናሽ ሸጬዋለሁ» አሉ ኡስታ ወደ ወንዙ እያዩ፤ «ላይ ያለው ሚያዝያ ላይ ቅጠል ነበረው።»