ቆዳው ያውቀዋል

መኳንንት መኪናውን ፓርክ አደረገና የመቀመጫ ቀበቶው ጎኑን እንዳይነካው አጥፎ የሸጎጠውን ፎጣ አወጣ። አልማዝ ባለጭራ ጎኑን ከያዘው አራት ወር ሆኖታል። ቁስሉ ደርቋል፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። በዚህ ጎን የኤርፖርት አውቶቡስ መንዳት አልቻለም።

አርሊንግተን ያለው ክሊኒክ ጥናት ጀምሯል። ቆዳን የሚያስቆጣ ኬሚካል ክንድ ላይ ይቀባል፤ የሰውነት መከላከያ ይነቃል፤ ሕመሙም ይቀንስ ይሆናል። ኬሚካሉን ከዚህ በፊት የነካ ሰው ግን አይገባም።

ጥናቱን የምታስተባብረው ዊንታ አሜሪካ ያደገች ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ጉርድ ፎቶ አለ። የታችኛው ጠርዝ በመቀስ ተቆርጦ ጠሟል።

«አያቴ ናቸው» አለችው በመጀመሪያው ቀን። «ደሴ ከታሰሩ በኋላ ማንም አላያቸውም። ፎቶው በበር ሥር ገብቶ ተገኘ። ማን እንዳመጣው፣ ኖባዲ ኖውስ።»

መኳንንት ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጎኑን እያመመው እንደሆነ ነገራት።

በሦስተኛው ቀን ኬሚካሉ የተቀባበትን ክንዱን የሸፈነውን ፕላስተር አነሳች። መጀመሪያ ሲቀባ ቆዳ ዝም ማለት ነበረበት። የእሱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሯል።

«ጋሽ መኳንንት፣ ቆዳዎ ያውቀዋል።»

«አያውቀውም።»

«ሌላ ስተዲ ውስጥ ገብተዋል? ይንገሩኝ፣ አልቆጣም።»

«አልገባሁም።»

በዚያ ወር ብቻ ሦስት ሰዎች ዋሽተዋታል። ሁሉም ሕመሙ አሰልችቷቸው ነው።

«ሶ፣ ልጅ ሆነው ምን ይሠሩ ነበር? የጨርቅ ማቅለሚያ? ፎቶ ማጠብ? ኬሚካሉ እዚያም አለ።»

«ደሴ፣ ፖሊስ ጣቢያ እጠርግ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የእስረኛ ትራፊ እበላለሁ። አለቀ።»

«ያኔ እጅዎ ቆስሎ ያውቃል?»

«ሳሙና ነው።»

ዊንታ ዓይኗን አሸች። «ነክተውት ከሆነ አያቴም ቢሆኑ አላስገባቸውም። አልነካሁም ካሉ ደግሞ እዚህ ይፈርሙ። ዶክተሩን እኔ እለምነዋለሁ። ይቀጥላሉ።»

ቅጹንና እስክሪብቶውን አቀረበችለት።

መኳንንት እስክሪብቶውን አነሳ። ጎኑ ጠዘጠዘው። ስሙ የሚፈረምበት መስመር ባዶ ነበር። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ ፎቶው መለሰ።

«ፎቶውን ጣቢያው ውስጥ ያጠብኩት፣ የእስር ቁጥሩንም ከሥሩ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ።