የድመቶቹ ጆሮ

የኮንዶሚኒየሙ ድመቶች አንድ በአንድ እየጠፉ፣ የጆሯቸው ጫፍ ተቆርጦ ይመለሱ ጀመር። ወይዘሮ አረጋሽ አዲሱን ተከራይ ጠረጠሩት፤ "መተተኛ ነው" እያሉም ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። አንድ ቀን ድመት በሽቦ ሳጥን ይዞ ሲወጣ ተከትለው፣ የእንስሳት ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ያዙት።

"ምን ልታደርጋት ነው?"

"እንዳትወልድ ላስመክናት ነው፣ እማማ። ጆሮዋ የሚቆረጠው መምከኗ እንዲታወቅ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስደብቅሃል?"

"ግቢያችን ውስጥ ሥጋ መርዞ የሚያበላቸው ሰው አለ። ማን እንደሆነ ስላላወቅኩ ማንንም አላመንኩም። ትናንት እንኳ የጎረቤታችን ሕፃን ሥጋውን አንስታ ልትጎርሰው ስትል ነው ከእጇ የነጠቅኳት።"

ወይዘሮ አረጋሽ ወደ ግቢው ሮጡ። ከደረጃው ሥር ተንበርክከው፣ ጠዋት ራሳቸው የበተኑትን ሥጋ ይለቅሙ ጀመር።