የመዋኛው ክፍያ

ቤቶቻችንን ሠርቶ የሸጠልን ባለሀብት የመዋኛ ገንዳውን ወርሃዊ ክፍያ እጥፍ ላድርግ ብሎ የሚፈረም ውል ይዞ መጣ። ፊደል ባልቆጥርም ምላሴ ከምሩቅ ምላስ ስለማያንስ የእድራችን ኮሚቴ «እርስዎ ይናገሩ» አለኝ።

«ስማ ልጄ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከፍለን እንቁራሪት እንኳ አልዋኘበትም» አልኩት።

«አለመዋኘት የራሳችሁ ምርጫ ነው፣ እትዬ አስካለ።»

«እንግዲያው ሰባራ ሳንቲም አንጨምርም።» ኮሚቴው አጨበጨበልኝ።

ሰውየው ከላይ ቆሞ ቁልቁል አየን። «ጥሩ፤ ነገ ጠዋት ውሃ እሞላበታለሁ።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። የእድራችን ድንኳን፣ ብረት ድስቶቹ፣ ሁለት መቶው ወንበር፣ እኛም ራሳችን ያለነው ገንዳው ውስጥ ነበር። ሌላ መሰብሰቢያ የለንም፤ የአቶ ደባልቄ ሠልስት ደግሞ ነገ ነው።

«በል ቀለሙን አምጣ» አልኩና አውራ ጣቴን ዘረጋሁለት።